ጎባጣ ወንበር ፍለጋ

ሥራ ካላችሁ ተዉት፣ ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱና ይችን ስሙኝ። ብትስቁ አልቀየምም። እኔም ሳስታውሰው እስቃለሁ፣ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ትምህርትና እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያየን፤ እሷም አልፈለገችኝም፣ እኔም አልለመንኳት። ስለ ጎባጣ ወንበር ግን ዛሬ በዚህ ከተማ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ዶክተርም ይሁን ኢንጂነር ይምጣና ይከራከረኝ። ወንበር ገልብጣችሁ አሳዩኝ፣ የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንዳበላሸው፣ በምን ምስማር እንደገደለው እነግራችኋለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ስመኝ ናት። ስመኝ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ቁርስ ቤት ልትከፍት የተነሳች ልጅ ናት። እጮኛዬ ናት። ማለቴ እኔ እጮኛዬ ነው የምላት፣ እሷ "እናያለን" ነው የምትለው።

ምድጃው ተገዛ፣ ድስቱ ተገዛ፣ ለፉል የሚሆነው ባቄላ ተገዛ። የቀረው ወንበር ነው። "ፕላስቲክ ግዥ፣ አገሩ ሁሉ ፕላስቲክ ላይ አይደል የሚቀመጠው" አልኳት።

"ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ለቅሶ የመጣ ነው የሚመስለኝ" አለችና ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ።

ፎቶው ላይ ወንበር አለ። የኋላ እግሩና መደገፊያው አንድ እንጨት ነው። ተቆርጦ የተጋጠመ አይደለም፣ ከመሬት ተነስቶ እንደ ጅራፍ እየታጠፈ ሄዶ የሰው ወገብ ላይ ያርፋል። መቀመጫው ስስ ነው፣ ጫፉ ቀና ይላል። ምስማር አይታይበትም።

"የማዳም ወንበር ነው" አለች። "አራት ነበሩ። በየጠዋቱ በለስላሳ ጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ፣ ዘይት እቀባቸዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዙሪያቸውን ዞሮ ያደንቃል፣ ከዚያ ነው የሚቀመጥ። ማዳም ‘ይሄ ካንቺ ዕድሜ ይበልጣል፣ እንዳትቀመጭበት’ ትለኝ ነበር።"

"አንቺስ?"

"እኔማ መጥረግ ነዋ።"

ፎቶውን አተኩሬ አየሁት። ያን ጉብታ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩና አገኘሁት።

"ስመኝ፣ ይሄ ወንበር እኮ የእትየ ጥሩ ዶሮ የሚያድርበት ነው።"

ቀልድ መሰላት። ቀልድ አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ ከበረዶ አገር የመጡ ፈረንጆች እዚህ ከተማ ግቢ ሠርተው ነበር። ሽማግሌዎቹን ስትጠይቁ አንዱ ስዊድን ናቸው ይላል፣ አንዱ ዴንማርክ፣ አንዱ ደግሞ "ምንም ይሁኑ፣ ፀሐይ የማይወዱ ነበሩ" ይላል። ወንበራቸውን በመርከብና በመኪና ጭነው አመጡ። ሲሄዱ ወንበሩ በጨረታ ወጣና በየቤቱ፣ በየገጠሩ ተበተነ። ዱባይ ያለች ባለጠጋ በዘይት የምታሸውን ወንበር እኛ ዶሮ አሰፈርንበት። ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጠ አገር የወንበር አያያዝ ይጠፋዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በዚያው ሰሞን ማዳም ደወለች። "ተመለሺ፣ ቪዛውን እኔ እልካለሁ" አለቻት። ስመኝ ይሄን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር እንባው የሽንኩርት ይሁን የሷ አልለየሁም።

"ልትሄጂ ነው?"

"እዚህ ምን አለኝ?"

"እኔ አለሁ።"

ነዳጅ የጨረሰ ባጃጅ እንደምታይ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ አለችና "ያን ወንበር አምጣና፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ የራሴን ፉል ልብላበት። ያን ቀን ማዳምን እምቢ እላታለሁ" አለች።

"ሙች በይኝ።"

"ሙች።"

እሷ እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ አልሳቅሁም። ሰው እጮኛውን ለማስቀረት በሬ ያርዳል፣ ሽማግሌ ይልካል። እኔ የተጠየቅሁት ወንበር ነው። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ደረቴን በነፋሁ ቁጥር አንድ ነገር እንደሚፈነዳብኝ እስካሁን አልተማርኩም።

ስልኬን ከፍቼ ማጥናት ጀመርኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ፈረንጆቹ ቪንቴጅ ይሉታል። ትርጉሙ ስላረጀ የተወደደ ማለት ነው። እኛ አገር ስላረጀ የሚወደድ ሽማግሌ ብቻ ነው፣ እሱም እህል ከተረፈ። እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሰው ነው የሚያጥፉት። ትክክለኛው ወንበር ከመቀመጫው ሥር በእሳት የተተኮሰ ማህተም አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ አትንካው። አትቀባው፣ አትምታው፣ አትጠግነው፣ እንዳለ ተወው። ይሄን ሕግ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት ዝናብን ወደ ላይ ዝነብ እንደማለት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

እትየ ጥሩ የአባቴ እህት ናቸው። ወንበሩን ብጠይቃቸው ደስ አላቸው።

"ይችን ጎባጣ ምን ታደርጋታለህ?"

"ለስመኝ ቤት ነው።"

"ለሰው ቤት? የዶሮ ኩስ እንደለበሰ? የወንድሟን ልጅ ሚስት ኩስ ላይ አስቀመጠች ይበሉኝ? ቅዳሜ ና።"

"ግድ የለም እትየ፣ እኔ አጥበዋለሁ። እንዳለ ይስጡኝ።"

"ቅዳሜ ና ብያለሁ።"

ቅዳሜ ሄድኩ። ወንበሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰማያዊ ሆኗል። ከመስኮታቸው የተረፈውን የዘይት ቀለም ሦስቴ ደርበው ለቅልቀውታል። እግሮቹ ቢጫ ናቸው። መቀመጫው መሐል ላይ ደግሞ ቀይ አበባ አለ። አበባ መሆኑን ያወቅሁት ራሳቸው ስለነገሩኝ ነው።

"እህ? አያበራም?" አሉኝ።

"ያበራል" አልኩ። እውነትም ያበራ ነበር። ሌሊት ዶሮዎቹም የሚተኙበት አይመስለኝም።

ወስጄ በላምባና በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። ለካ እንጨቱ እንደ ቀይ ሽንኩርት ተደራርቦ በማጣበቂያ የተያያዘ ነው። ቀለሙ ሲለቅ እንጨቱም አብሮ መላጥ ጀመረ። ቀለሙ አልቆ ሳይ ወንበሩም አልቋል። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ለካ ለወንበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይችን አገር የሚያጠፋት ድህነት ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ይሉኝታ ነው። ድሃ ብንሆን ኖሮ ወንበሩን እንዳለ በሰጡኝ ነበር። ቀለም መግዣ አላቸው እኮ።

ከዚያ ዘዴ ለወጥኩ። ከእንግዲህ አልጠይቅም፣ መጀመሪያ አያለሁ አልኩ። ግን የሰው ቤት ገብቶ ወንበር ለማየት ምን ፈቃድ አለ? አንድ ፈቃድ አለ። ለቅሶ። ለቅሶ ያለበት ቤት ማንም ይገባል፣ ወንበርም ከየጎረቤቱ ይሰበሰባል። ያን ሰሞን የማላውቀው ሰው ሁሉ ሲሞት ከዘመድ ቀድሜ የምገኝ ሆንኩ። ጋቢዬን ለብሼ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ "ምን ያለ ሰው ወዳድ ልጅ ነው" ይሉኛል። አንገቴን የደፋሁት እግር ልቃኝ ነው። የወንበር እግር።

አንድ ቀን እንዲህ ስቃኝ ከማዶ አንዲት ባልቴት ከተቀመጡበት ጋቢ ሥር ያ ጉብታ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ለመውጣት ሲነሱ ጠብቄ ሄድኩና ወንበሩን ገለበጥኩት። ማህተሙን ፍለጋ ጭንቅላቴን አስገብቼ በስልኬ መብራት እያበራሁ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ምን ቀበርክብኝ?"

ዞር አልኩ። ባልቴቷ ናቸው።

"ምንም እማማ፣ እያየሁ ነው።"

"እኔ ብድግ ከማለቴ ከመቀመጫዬ ሥር ምን አስገባህ? ወገቤን ያመመኝ ለካ በምክንያት ነው።"

መተት የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ለሞተው ሰው መሆኑ ቀረና ለኔ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከበቡኝ። የእድሩ ዳኛ አያ ተገኘ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። አያ ተገኘ ሰው ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

"ልጄ፣ ከወንበሩ ሥር ምን ታደርግ ነበር?"

"ማህተም እያየሁ ነበር አባባ።"

"የማን ማህተም?"

"የፈረንጅ።"

እውነት መናገር ነጻ ያወጣል ያለው ሰው እኛ ሰፈር ለቅሶ ደርሶ አያውቅም። "የፈረንጅ" ስል ጭራሽ ነገሩ ባሰ። አንዱ ጠበል አመጣ። ወንበሩን ረጩት፣ ከዚያ የተረፈውን በኔ ላይ ደፉት። የጉና ተራራ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ጠበል የተደፋበት ሰው ሰይጣን ባይኖርበትም ይጮሃል። ጮህኩ። "አያችሁ፣ ለቀቀው" አሉ።

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንበሩን፣ ዱባይን፣ ማዳምን፣ ቪዛውን። አያ ተገኘ ዘንጋቸውን ደገፍ ብለው፣

"ነገሩ የሴት ልጅ ነው?" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

"እሱን አስቀድመህ አትልም ኑሯል?"

ይቅር ተባልኩ፣ ጋቢ ተደረበልኝ። ባልቴቷ ግን ወንበራቸውን አልሰጡኝም፤ "ጠበል የነካው ነው፣ ለወገቤ ይሆነኛል" አሉ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ አያ ተገኘ ጆሮዬ ጋ ጠጋ አሉ።

"እድሩ መጋዘን ሁለት ጎባጦች አሉን። ስትቀመጥባቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ባለፈው ቄሱ ሊወድቁብን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አይነካቸው። ኮሚቴውን አነጋግሬ ላንተ ይሁኑ።"

ሄጄ አየኋቸው። ማህተማቸው አለ፣ እንጨታቸው ማር ይመስላል፣ አንዳች አልጎደለባቸውም። አያ ተገኘ እግር ላይ ልወድቅ ቃጣኝ።

"አሁኑኑ እንዳሉ ልውሰዳቸው አባባ።"

"እንዳሉማ እንዴት ይሆናል? እድር ነን እኮ። የሚሸሽ ወንበር ለሙሽራ ሰጡ እንባል? እናሠራቸዋለን።"

"በሞቴ አባባ፣ እንዳይሠሩ።"

"ምን ገዶን።"

"በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አይድከሙ፣ ይቅርብኝ።"

ልብ በሉ፣ እኔ ከልቤ ነው የለመንኩት። ግን እኛ አገር "ይቅርብኝ፣ አይድከሙ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። "ጨምሩልኝ" ማለት ነው። እንግዳ "በቃኝ" ሲል ነው ወጥ የሚደረብለት። እኔ "አይሠሩ" ባልኩ ቁጥር አያ ተገኘ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" እያሉ ጨዋነቴን በሥራ ብዛት ለመካስ ቆረጡ። እንባ ቢመጣኝ ደግሞ "አይዞህ፣ ያስደስትሃል" አሉኝ። መጋዘኑን ቆለፉ።

አናጢው መላኩ የሰፈራችን ሰው ነው። በር ሲሠራ በሩ ይዘጋል፣ አልጋ ሲሠራ አልጋው ያስተኛል፣ በዚህ አልወቅሰውም። ከሰሞኑ ስሄድ በራፉ ላይ ሁለት የቤተ ክህነት መቋሚያ የመሰሉ ቀጥ ያሉ ነገሮች አቁሟል።

"ወንበሮቼስ?" አልኩት።

"እነዚህ አይደሉ እንዴ? እንዴት ተጣመው ነበር መሰለህ። አቃናሁልህ።"

ጉብታዎቹን በመጋዝ ገላግሏቸዋል። የኋላ እግር ብሎ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ተክሎባቸዋል፣ መደገፊያ ብሎ ጣውላ መትቶባቸዋል። ምስማሩ የቤት ማገር ምስማር ነው።

"ያ የታጠፈው እንጨትስ?" አልኩት፣ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ።

"ምድጃ ገባ። እንዴት ይነዳል መሰለህ፣ ደረቅ ነው። አያ ተገኘ ራሳቸው ተቀምጠው ሞከሩት። ንቅንቅ አይልም።"

ዱባይ ሰው ዙሪያውን ዞሮ የሚያደንቀውን ነገር መላኩ ሽሮ አበሰለበት። እና እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከምክ" አልኩት። አያችሁ፣ በሽታው እኔንም ይዞኛል። ሞቼ እንኳ አስከሬኔን ላጠበኝ ሰው "ተቸገርክ" ሳልል አልቀርም።

የማዳም ቪዛ መጣ። ስመኝ አሳየችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሁለቱን ቀጥ ያሉ ወንበሮች ቤቷ አስገብቼላት ነበር። አንዱ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ብትነካኝ እንደ ስንጥር እንደምወጋ ገባት፣ አልነካችኝም።

የመጨረሻው ወሬ ከአንድ ተሳፋሪ መጣ። ከጉና ወዲህ ካለ መንደር አንድ መሪጌታ እንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር አለኝ። በማግሥቱ ባጃጄን መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ነዳሁ፣ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። ነፋሱ አፌ ውስጥ ገብቶ ንግግሬን ይወስድብኛል። እኔን ዝም ያሰኘ ነፋስ የጉና ብቻ ነው።

መሪጌታው ለምድ ደርበው እሳት ዳር መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንበሩ ከጥግ ቆሟል። ዓይኔ ሲያርፍበት ማገላበጥ አላስፈለገኝም። ከተቀመጡበት ብዛት መደገፊያው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል፣ ሌላ እጅ ግን አልነካውም።

"ጥሩ ወንበር ነው" አሉኝ። "ስትደገፈው እሱም ደገፍ ያደርግሃል። አሁን ግን ብርዱ በረታብኝ፣ ከእሳት አልርቅም። ከፈለግኸው ውሰደው። ብቻ ትንሽ ልጠግንና..."

በዚህ ጊዜ ውስጤ የሆነ ነገር ተበጠሰ።

"መሪጌታ፣ ስእለት ነው። እንዳለ እንጂ እጅ ነክቶት አይገባም" አልኩ።

"ለየትኛው ታቦት?"

እሳቸው ፊት መዋሸት አቃተኝ። "ለሴት ነው መሪጌታ።"

ረጅም ጊዜ ሳቁ። "እሱም ስእለት ነው። እንዳለ ውሰደው" አሉና መረቁኝ።

ተሸክሜው ቁልቁል ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ደከመኝና ከገብስ ማሳ ዳር አስቀምጬው ተቀመጥኩበት። እውነትም ደገፍ ያደርጋል። ዓይኔን ከደን አደረግሁ። ስገልጥ ፊት ለፊቴ አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

"እንዴት ዋሉ ጌታው። ወሰኑን ሊያዩልን ነው?"

እኛ አገር ሜዳ ላይ ወንበር አድርጎ የሚቀመጥ ሰው መሬት ለኪ ብቻ ነው። "ኧረ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ" አልኩት።

"ልክ ነዎት፣ ባለፈው የመጡትም በቀጥታ አልተናገሩም" አለና ጎረቤቱን ጠራ። ጎረቤቱ ሚስቱን፣ ሚስቱ ወንድሟን ጠራች። ከመቅጽበት ችሎት ሆንኩ። የወሰን ድንጋይ ተገፍቷል ይላል አንዱ፣ ድሮም እዚያ ነው ይላል ሌላው። ብነሳ "ቅር ብሏቸው ነው፣ አስቀምጧቸው" ይላሉ፣ ብቀመጥ ክርክሩ ይቀጥላል። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠረግሁና "ድንጋዩ ወደ ጥንት ቦታው ይመለስ" ብዬ ፈረድኩ። ሁለቱም "እንዲህ ነው ዳኛ" አሉ፣ ለሁለቱም የፈረድኩ መስሏቸው። የተቀቀለ ድንች አበሉኝ፣ ወንበሩን ተሸክመው እስከ ባጃጄ ሸኙኝ። ባጃጇን ሲያዩ እንኳ "መኪናቸው ተበላሽቶ ነው" አሉ።

በዕድሜዬ አንቱ ተብዬ አላውቅም ነበር። ሰው አንቱ የሚባለው በሽበት ወይም በዕውቀት ይመስለኝ ነበር። ለካ በወንበር ነው።

እያፏጨሁ ከተማ ገባሁ። ስመኝ ቁርስ ቤቷን የምትከፍትበት ቀን ነበር፣ ፉሉ ይንተከተካል። ወንበሩን መሐል ወለል ላይ አቆምኩት። አንድ ነው፣ አራት አይደለም። ግን አንድም ጉድለት የለበትም።

ስመኝ ቀስ ብላ መጣች። በመዳፏ መደገፊያውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ከዚያ ሄደች፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዛ ተመለሰችና መጥረግ ጀመረች።

"ዛሬ አትጠርጊውም" ብዬ ጨርቁን ቀማኋት። "ተቀመጭበት።"

ፉሏን በሳህን አወጣች። ዳቦዋን ያዘች። ጎንበስ አለች። ልትቀመጥ አንድ ጣት ሲቀራት በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

እትየ ጥሩ ናቸው።

"ኖሩ" አለች ስመኝ፣ ከወንበሩ ዞር ብላ።

"በእግዜር፣ በእግዜር፣ ኧረ ቁጭ በሉ" አሉ እትየ ጥሩ፣ እየተቀመጡ። የት? እሱ ላይ ነዋ። ከዶሮ ማደሪያነት እስከዚህ መድረሱ ገርሟቸው "ይሄኛው ግን ቀለም ያንሰዋል" አሉ።

እሳቸው ሊነሱ ሲሉ አያ ተገኘ ከመላኩ ጋር ሊመርቁ መጡ። ሁላችን ተነሳን፣ ኖሩ፣ በእግዜር። እትየ ጥሩ ለአያ ተገኘ ለቀቁላቸው። ቀጥ ያሉት ወንበሮች ለእትየ ጥሩና ለመላኩ ደረሷቸው፣ እኔ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ሆንኩ። አያ ተገኘ ወደ ኋላ ሲሉ ወንበሩ ደገፍ አደረጋቸው፣ ደነገጡ፣ ከዚያ ወደዱት። ከዚያ የስመኝ አባት ከገጠር ደረሱ። ኖሩ፣ በእግዜር። አያ ተገኘ ብድግ ብለው ለቤቱ ባለቤት አባት ለቀቁ።

ስመኝ ትመላለሳለች። ፉል ታወጣለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች፣ እጅ ታስታጥባለች። "ምነው አንቺ አትቀምሺም?" ይሏታል፣ "እበላለሁ፣ እናንተ ብሉልኝ" ትላለች። የሷ ሳህን ጣራ ላይ እንደቀረ ኩበት ደርቋል። እኔ ጆንያው ላይ ሆኜ እቆጥራለሁ እንዳልል ቁጥሩ ተምታታብኝ፤ በገባ ሰው ሁሉ ያ ወንበር ባለቤት ይቀይራል፣ እሷ ብቻ ተራ የላትም።

መቼም አፌን ታውቁታላችሁ።

"አባባ" አልኩ ለአባቷ፣ "ለስመኝ ይነሱላት። ወንበሩ የሷ ነው።"

መላኩ ዳቦውን አፉ ሳያደርስ እንደያዘው ቀረ። እትየ ጥሩ "ምን አለ?" አሉ፣ የሰሙትን አላምን ብለው ነው እንጂ ሰምተዋል። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም። ግራ ገብቷቸው ግማሽ ብድግ አሉ፣ ዘንጋቸውን ፈለጉ።

ማን መልሶ ያስቀመጣቸው ይመስላችኋል? ስመኝ። ሮጣ መጥታ ትከሻቸውን ይዛ፣ "ኧረ በሞቴ አባዬ፣ ይቀመጡ፣ እሱ ቀልዱን ነው" አለቻቸው። ተቀመጡ። ሁሉም ሳቀ። አያ ተገኘ "ጨዋ ልጅ ወልደዋል" አሏቸው። ወሬው ስለ ገብስ ሆነ።

ተከትያት ጓዳ ገባሁ። ከጆንያዬ ተነስቼ የመጣሁ ነኝና "ኖሩ" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ድስቱን እያማሰለች፣ ወደኔ ሳትዞር፣

"ታውቃለህ፣ አንድ ቀን ተቀምጬበታለሁ" አለች። "ማዳም ገበያ ሄዳ። በሩን ቆልፌ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሻይዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ማንም አልመጣም። እዚያ እንኳ ማዳም ትወጣለች።"

እዚህ የሚወጣ የለም ማለቷ ነው።

ተመርቆ ተበላ፣ ተበልቶ ተመረቀ፣ ሁሉም ሄደ። ሲመሽ ወንበሩ ባዶ ሲሆን እሷ ሳህን እያጠበች ነበር፣ "አሁን ተቀመጭበት" ብላት "አሁን ምን ያደርግልኛል" አለች። ማዳም እስከ እሁድ መልስ ትፈልጋለች።

እና እናንተ፣ ያን ቀን ፉሏን በልታችሁ ጨዋ ልጅ ናት ያላችሁ፣ ቀለም የቀባችሁ፣ ጎባጣ ያቃናችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ቤቱ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው፣ ወንበሩም እዚያው ነው። እሁድ ከመድረሱ በፊት ያች ልጅ ከጓዳ ስትወጣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ "ኖሩ" የሚላት ከመካከላችሁ ማን ነው?